ከአባቴ ጋር የተወለደችው

አባቴ ለእናቱ አንድ ልጅ ነኝ እያለ ሰባ ዓመት አልፎታል። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። አምና የቤተሰባችንን ታሪክ ለልጆቼ ልጽፍላቸው ተነሳሁና በመጀመሪያ ስልኬ ላይ ፈለግሁ። የወንድ አያቴን ስም ስጽፍ የማላውቃቸው ሰዎች ፎቶ ተደርድሮ መጣ። ደሴ ወጥቼ ቀበሌ ጠየቅሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የአባቴን ቅጽ ፈልጋ አወጣችልኝ። የትውልድ ዘመኑ ላይ «በግምት» ይላል። ከዚያ በፊት የተጻፈ ነገር የለም።

እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ አባቴ ቤት ገብቼ ይህንኑ ስነግረው፣ ወንድ አያቴ ይቀሩበት፣ ያነቡበት የነበረ ኪታብ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ፣ ገራዶ መንደር የአጎቱ ልጅ ዘንድ እንዳለ ትዝ አለው። ባዶ ቦታ ባገኙ ቁጥር የቤቱን ነገር ይጽፉበት ነበር አሉ።

በማግስቱ አብረን ሄድን። የአጎቱ ልጅ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ኪታቡን ከተጠቀለለበት ጨርቅ ፈተው አወጡና የመስጊዱን ሼህ አስጠሩ። የእጅ ጽሑፋቸው በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነበር። ሼሁ ወረቀቱ እንዳይቀደድ በጣታቸው ጫፍ እየገለጡ መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሱ።

«ዛሬ ሱብሂ ላይ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አላህ ሁለት ሰጠን፤ ወንድና ሴት» ብለው አነበቡ። የሁለቱም ስም አለ። ወንዱ አባቴ ነው። ከሥሩ በሌላ ቀለም፣ «ሴቷን በሰባተኛው ቀን ወሰዳት» ይላል።

አባቴ እንዲደግሙለት ለመናቸው። ደገሙለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እናቴ ስትመርቀኝ፣ ፊቷ ብቻዬን ቆሜ፣ ‹አላህ ያሳድጋችሁ› ነበር የምትለኝ። የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ የምትጨምር ይመስለኝ ነበር።»

ሴት አያቴ ያን ሁሉ ዓመት ለማንም ሳይተነፍሱ ለሁለት ሲመርቁ ኖረዋል። ያቺ አንድ መስመርም ከዝናቡም ከብሉም ተርፋ ጠብቃናለች።

አባቴ የእህቱን ስም ቀስ ብሎ ጠራ። ከዚያ የት እንደተቀበረች ጠየቀ። የአጎቱ ልጅ ከመንደሩ በላይ ያለውን የድሮ መቃብር አሳዩን፤ የትኛው ድንጋይ ሥር እንዳለች ግን እሳቸውም አያውቁም። ሽቅብ ወጣን። አባቴ መሀል ላይ ቆመና እጁን ዘርግቶ እዚያ ለተቀበሩት ሁሉ የቁርኣኑን ፋቲሃ ቀራ።