ሞተሩን የሸጠው ሙሽራ

ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እየበላ ወሬ መጠበቅ ነው ደንቡ። እኔ ግን የራሴን ሽማግሌ በራሴ ሞተር አፈናጥጬ የእጮኛዬ አባት ደጅ ድረስ አደረስኩ። ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ የጥሬ ሥጋ ነው።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ካለፈ ገና አራት ቀኑ ነበር። ሞተሬን ነድቶ ዋናውን ሽማግሌ አጎቴን እንዲያደርስ የተመደበው የአክስቴ ልጅ ከበዓሉ ጀምሮ ከጥሬ ሥጋና ከዳጣ ፊት አልተነሳም ነበር። በዚያን ቀን ማለዳ ስደውልለት ስልኩን ያነሳው ከመጸዳጃ ቤት ነው። «እኔን እርሱኝ» አለና ዘጋው።

የእጮኛዬ ቤተሰቦች የሚኖሩት ከቤሌ ከተማ አልፎ፣ ሁለት ተራራ ወጥቶና ወርዶ ነው። ክረምቱ መንገዱን በልቶት ስለነበር ከሞተር በቀር የሚያልፍ አልነበረም። እኔማ «ቤሌ ድረስ በመኪና ሂዱና ከዚያ ሞተር ተከራዩ» ብዬ ነበር። አጎቴ ግን «ከማላውቀው ሰው ጀርባ ተለጥፌ ገደል አልገባም፤ ከገባሁም ከዘመዴ ጋር ልግባ» አለ። ዘመድ የተባልኩት እኔ ነኝ።

ችግሩ እንዲህ ነው። እጮኛዬና እኔ ሶዶ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት እናስተምራለን። ታላቅ ወንድሟ ከሦስት ዓመት በፊት ከቤታቸው በላይ ያለው ቁልቁለት ላይ ከሞተር ወድቆ ሞቷል። አባቷ ከዚያ በኋላ «ልጄን ለሞተረኛ አልሰጥም» ብለው ምለዋል። እሷም ገና ሽማግሌ ስለመላክ ሳናወራ «ሽጠው» አለችኝ። «እሸጠዋለሁ» አልኳት። አልሸጥኩም። ያቺን ሞተር እወዳት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም እወዳታለሁ። መላውን ያመጣው አጎቴ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልተሠራ ሥራ ሪፖርት ሲጽፍ የኖረ የቢሮ ኃላፊ ስለነበረ ነገሩ አልከበደውም። «ሸጧል እንላለን» አለ። «ከሠርጉ በኋላ እንደ አዲስ ይገዛል።»

ሦስት ሽማግሌዎች ሦስት ሞተር ላይ ተቀምጠው ተራራ አቋርጠው «የእኛ ልጅ ከሞተር ጋር አይተዋወቅም» ሊሉ ነው እንግዲህ። እኔ ልብ አውልቅ ሐሳብ ነው አልኩ። የሰማኝ የለም።

አባቷ አንድ ጊዜ አይተውኛል። ዓይናቸውን ሊታከሙ ሶዶ የመጡ ጊዜ እሷ «የሥራ ባልደረባዬ ነው» ብላ አስተዋውቃን ሐኪም ቤት ወስጃቸዋለሁ። ስለዚህ ፊቴ መሸፈን ነበረበት። ሄልሜት አለኝ። አለኝ ስል ግን ኑሮው በኋላ ማያ መስታወቱ፣ በስፖኪዮዬ ላይ ነበር፤ ሁላችንም እዚያ ነው የምንሰቅለው፣ ትራፊክ ከሩቅ ስናይ ብቻ ራሳችን ላይ እንደፋዋለን። የዚያን ቀን ግን ከሶዶ ጀምሮ አጠለቅኩት። የፊት መስታወቱንም እስከ አገጬ ዘጋሁ።

እስከ ቤሌ ድረስ ጨዋታ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ግን ኮረኮንች ብቻ ነው፤ ድንጋዩ የጭንቅላት ያህላል፣ በመሃሉ ጎርፍ የቆፈረው ቦይ አለ። አጎቴ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሷል፣ ወገቤን አንቆ ይዟል፣ በአንድ ትንፋሽ ይጸልያል ያዝዛል። «ጌታ ሆይ አንተ አለህ፣ በግራ በኩል ሂድ እንጂ፣ አንተ አውጣን፣ ማርሽ ቀንስ!» ሞተር ነድቶ አያውቅም። ከፊታችን የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ይነዳል፤ ከኋላችን ጎረቤቴ።

የመጀመሪያው ዳገት መሃል ላይ የስፖርት መምህሩ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ወደ ፊት ዘለለ፤ ያፈናጠጠው ሽማግሌ ባለበት ቀረ። ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘነው፣ ጃንጥላውን ወደ ላይ እንደያዘ። «እኔ ደህና ነኝ፤ ጃንጥላውን እዩልኝ» አለን። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዳገቱን በእግራቸው ወጡት፤ ግማሹን መንገድ እንደውም እነሱ ናቸው እኛን የገፉን። አማላጅ ሞተር ሲገፋ ያየሁት በሕይወቴ የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ተራራ ወጥተን ቁልቁለቱ ጀመረ። ወንድሟ የሞተበትን መታጠፊያ ነግራኛለች፤ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለበት። እዚያ ስደርስ የኋላ ጎማዬ ጠጠሩ ላይ ሸሸ። ሞተሩ ወደ ገደሉ አዘመመ፣ እግሬን አውርጄ እንደ ምንም አቆምኩት። አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ይቺን ልጅ እንዲህ አድርገን ዋሽተን ልንወስድ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ፣ ከነገርኳቸው አይሰጡኝም ብዬ አሰብኩ። ሳልወስን ደረስን።

ንግግሩ ግቢ ውስጥ አቮካዶው ሥር ሆነ። ሽማግሌዎቹ በደንቡ መሠረት እሺ ሳንባል አንቀመጥም፣ ውሃም አንጠጣም ብለው ቆሙ። እኛ ሞተረኞች ራቅ ብለን ሞተሮቹ አጠገብ ቀረን። ሁለቱ ሄልሜታቸው ስፖኪዮ ላይ፣ እኔ ጭንቅላቴ ላይ። ፀሐዩ ይፋጃል። ውስጡ ላብ አጠመቀኝ።

እናቷ ውሃ ይዘው መጡና «ይኼ ልጅ ምን ሆኖ ነው የማያወልቀው?» አሉ።

የስፖርት መምህሩ ፈጥኖ «ጥርሱን አሞት ነው እማማ። ንፋስ እንዳይመታው» አለ።

አዘኑልኝ። ጓዳ ገብተው ቅርንፉድ አመጡልኝና በመስታወቱ ሥር አሾልኬ በደህናው ጥርሴ ነከስኩት። አፌ ደነዘዘ።

አጎቴ ግን አፉ አልደነዘዘም። ልጃችን ትሑት ነው አለ፣ አይጠጣም አለ፣ እነዚህ ሁለቱ እውነት ናቸው። አባቷ «ሞተርስ?» ብለው ጠየቁ። ስለ ሌላ ነገር አልጠየቁም። አጎቴ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ድሮ ነበረችው። ሸጧታል» አለ። ይህን ሲል እጁ ወደ እኔ ሞተር ዞሮ ነበር።

አባቷ ተነስተው «መልሱን ከቤተሰቤ ጋር ተነጋግረን እንልካለን። መንገዱ ክፉ ነውና ከመሄዳችሁ በፊት እንጸልይ። ልጆቹም ይምጡ» አሉ። ክው አልኩ። እንደዚያ ባለ ቤት በጸሎት ጊዜ ወንድ ራሱን ሸፍኖ አይቆምም፤ ጥርስ አመመኝ ብሎ ማምለጥ የለም። ጎረቤቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ሁሉም እኔን ያያሉ። አጎቴ በዓይኑ አታውልቅ ይለኛል።

አወለቅኩት።

አባቷ አዩኝ። ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው ዓይኖች ደህና ሆነዋል፤ ወዲያው አወቁኝ። ዓይናቸውን ጨፈኑና በወላይትኛ መጸለይ ጀመሩ። ለመንገዱ ጸለዩ፣ ለሽማግሌዎቹ ጸለዩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ «ሞተሩን ሸጦ በሞተር የመጣውን ይህንን ልጅም ጠብቅልን» አሉ። ከሁሉም ቀድሞ «አሜን» ያለው አጎቴ ነው፤ ምኑን አሜን እንዳለ የገባው ቆይቶ ነው።

አሜን ካልን በኋላ ወደ እኔ መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ሄልሜቱን ከእጄ ተቀብለው አገላበጡት፤ ውስጡ በላቤ ርሶ ነበር።

«ልጄን ያነሱት ሰዎች» አሉ፣ «የእሱን ከስፖኪዮው ላይ ፈትተው አመጡልኝ። ምንም ጭረት አልነበረበትም።»

ስፖኪዮዎቹ ላይ የተንጠለጠሉትን ሁለት ሄልሜቶች አዩ።

«ከሦስታችሁ ራሱ ላይ አድርጎ የመጣ አንተ ብቻ ነህ። ሁልጊዜ ታደርገዋለህ?»

ለጊፋታ ወደ ቤተሰቦቿ የመጣችው እጮኛዬ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት አረካ ድረስ አፈናጥጫት ስሄድ ሄልሜቱ ስፖኪዮው ላይ ተንጠልጥሎ ሲንኳኳ ነበር የሄድነው፤ «ምን ይንኳኳል?» ብላኛለች። አሁን አየኋት። መሬት መሬት አየች።

«አዎ» አልኩ። «ሁልጊዜ።»

ሄልሜቱን መለሱልኝና ሽማግሌዎቹን «ተቀመጡ፣ ውሃም ጠጡ» አሏቸው።

በመልሱ ጉዞ አጎቴ ከጆሮዬ አልወረደም። «አየህ? አፍ ነው! አነጋገር ማወቅ ነው!» እያለ ትከሻዬን ይመታል። ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ስንደርስ መስታወቱን ዘጋሁና አለቀስኩ። ደስታ ነው እንዳልል እፍረትም አለበት። ለሌላ ሰው ሞት የሚገባውን ክብር ፊቴን ለመደበቅ ባጠለቅኩት ነገር ነው የወሰድኩት።

ከተጋባን አምስት ዓመት ሆነን። ዳቦ ልገዛ ሁለት መቶ ሜትር ስሄድ እንኳ አጠልቀዋለሁ። የሶዶ ፀሐይ ሲበረታ ጭንቅላቴ ይቀቀላል፤ ትምህርት ቤት «ጠፈርተኛው መጣ» ይሉኛል፤ ይበሉ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ የምታቀብለኝ ባለቤቴ ናት። ስለዚያ ቀን «አዎ» አንስተን አናውቅም።

ባለፈው ጊፋታ አማቴ ሊጠይቁን መጡ። እንደ ልማዳቸው እኛን ከመሳማቸው በፊት ሄደው የሞተሬን ስፖኪዮ አዩ። ባዶ ነው። ምሳ ላይ ቁርጣቸውን ይዘው «ሁልጊዜ ነው አይደል?» አሉኝ።

አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ። የዚያን ቀን መሬት ያየችው ልጅ አሁን እኔን ፊት ለፊት እያየች «አዎ አባባ፣ ሁልጊዜ ነው» አለቻቸውና ዳጣውን ወደ እሳቸው አስጠጋች።