ቀይ ካርድና ቀኖና

ክረምት ሲገባ ንፋስ መውጫ በዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትሞላለች። ከየዩኒቨርሲቲው ለእረፍት የመጡት ልጆች በየወረዳቸው ይቧደኑና እስከ መስቀል ድረስ ኳስ ይጫወታሉ፤ የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንት፣ የእስቴ፣ የስማዳ እየተባለ። የማጫውታቸው እኔ ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ «የስፖርት መምህር ስለሆንኩ ግድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ወድጄ አይደለም» እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ይህንኑ ነው።

ሜዳችን ዳገት ላይ ናት። ንፋሱ ኳሷን አንስቶ የሰው ባቄላ ውስጥ ይጨምራታል፣ ባለ ባቄላውም ይሳደባል። የሚሳደበው ግን የመቱትን ልጆች ሳይሆን እኔን ነው። ለምጄዋለሁ።

አምና በግማሽ ፍጻሜው የኛዎቹ ላይ ጋይንቶች ከእስቴ ተጋጠሙ። የኛዎቹ አጥቂ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገረኛ ልጅ ነው። ግን እግሩ! እንዲህ ያለ እግር በዚህ አገር አላየሁም። ጎል አገባ፤ ከጨዋታ ውጪ ነበርና ሻርኩበት። ሮጦ መጣ። ሊሳደብ ነው ብዬ ስጠብቅ እጁን ሰደደና ፊሽካዬን ከነገመዱ ከአንገቴ በጥሶ ጭቃ ውስጥ ወረወረው። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ደሜ ፈላ! ካርድ ለማውጣት ደግሞ ፊሽካ አያስፈልግም፤ ቀዩን አወጣሁለት። ከዚያ ጨዋታው ቆሞ የሁለቱም ቡድን ልጆችና እኔ ጎንበስ ብለን ፊሽካ ስንፈልግ ቆየን። ያገኘው የእስቴ በረኛ ነው። በማሊያዬ ጠርጌ የቀረውን ጨዋታ ጭቃ እየቀመስኩ ጨረስኩ። የኛዎቹም በጎደሎ ሰው አሸንፈው ለፍጻሜ አለፉ።

ቀይ ያየ ቀጣዩን ጨዋታ አይሰለፍም። ቀጣዩ ደግሞ ከስማዳ ጋር የሚደረገው ፍጻሜ ነው። ልጁ በዓመቱ ሰኔ ይመረቃል፤ የተመረቀ ደግሞ በዚህ ውድድር አይጫወትም። ይህ ፍጻሜ ካመለጠው ሌላ የለውም ማለት ነው። ይህን አገር ሁሉ ያውቃል። ሚስቴ የስማዳ ልጅ መሆኗንም አገር ሁሉ ያውቃል። ገበያ ስወጣ «የስማዳ አማች!» ይሉኝ ጀመር። ሞኛችሁን ፈልጉ እያልኩ አለፍኩ።

በጳጉሜ አንድ ማለዳ በር ተንኳኳ። ስከፍት የነፍስ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ያ አጥቂ። ጂንስ ሱሪ፣ ነጭ ስኒከር፣ አንገቱ ላይ ኢርፎን፣ ትከሻው ላይ ደግሞ ይህን የሚያህል ድንጋይ! ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጡብኝ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«ነገራችን ሳያልቅ አንቀመጥም» አሉ አባ። ሚስቴ ወንበር እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ምን አጠፋሁ አባ?»

«አንተማ ምን ታጠፋለህ፤ አጥፊው እሱ ነው። ዘመን ሊለወጥ ነው፣ ቂም ይዘህ አትሻገር። ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለው።»

እውነቱን ለመናገር ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር። ግን የነፍስ አባት ደጅ ቆመው እየለመኑ እንቢ ይባላል እንዴ? «ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ልጁ ድንጋዩን አውርዶ ጉልበቴን ሳመ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ሁሉም ገብተው ተቀመጡ።

«እንግዲህ ፍጻሜውን ይሰለፋል» አሉ አባ፣ ጠላውን እየተቀበሉ።

«አይሰለፍም አባ።»

እጃቸው ጠላውን እንደያዘ ባለበት ቀረ። «ይቅር አልከው እኮ!»

«ብያለሁ። ቅጣቱ ግን ቅጣት ነው።»

ሽማግሌዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ሚስቴ በዓይኗ ተቆጣችኝ። ባሰልፈው ጠያቂ አልነበረብኝም፤ በዚህ ውድድር ዳኛውም ኮሚቴውም እኔው ነኝ ማለት ይቻላል። ግን ዛሬ ካርድ በሽማግሌ ከተመለሰ፣ ነገ ከስማዳ፣ ከወገዳ መጥቶ እዚህ አንድ ዘመድ የሌለው ልጅ ቀይ ሲያይ ማንን ይልካል?  በመጨረሻ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«አባ፣ እኔ ኃጢአቴን ነግሬዎት እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ ሲሉኝ፣ ቀኖና ሳይሰጡኝ ሸኝተውኝ ያውቃሉ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«ይቅር ከተባልኩ ታዲያ ያ ሁሉ ስግደት ለምንድን ነው?»

አባ ጠላውን አንዴ ተጎነጩና «ይኼ ሰውዬ በገዛ ትምህርቴ ያዘኝ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደ አጥቂው ዞሩ። «በል ሰምተሃል። ቀኖና ነው፤ ትፈጽማለህ።»

ልጁ አልሳቀም። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ሌላ ዓመት የለኝም» አለኝ።

 ማወቁንማ አውቃለሁ። ሲወጡ ሚስቴ በሩን እየዘጋች «ብታሰልፈው ምን ነበረበት? የኔ ወገኖች እንደሆኑ ለአንድ ቀጫጫ አይሸነፉም» አለችኝ። ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

ፍጻሜው በመስከረም የመጀመሪያው እሁድ ነበር። ስማዳዎች በአይሱዙ ተጭነው እየጨፈሩ መጡ። አባ ኳስ ሜዳ ረግጠው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ጃንጥላቸውን ይዘው መጡና ከሜዳው ዳር ያለው የድንጋይ ካብ ላይ ከልጁ አጠገብ ተቀመጡ። ልጁ ማሊያውን ከሹራቡ ስር ለብሶታል፣ አንገትጌው ይታያል። እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ።

ስማዳ ቀድሞ አገባ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የስማዳ ተከላካይ ኳስ በእጁ ነካና ለላይ ጋይንት ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠሁ። አማች ሲለኝ የከረመው ሁሉ አጨበጨበልኝ። ፍጹም ቅጣት ምት ሁልጊዜ የሚመታው ግን ያ አጥቂ ነበር። ሌላ ልጅ መታና ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ሄደች። ትንሽ ቆይቼ የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋሁ። ስማዳ ዋንጫውን ወሰደ። ወደ ካቡ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

አባ ጃንጥላቸውን እየተመረኮዙ ሜዳውን አቋርጠው መጡ። ልጁን በእጁ ይዘውታል።

«ቀኖናውን ጨረሰ?» አሉኝ።

«ጨርሷል አባ።»

«ቀኖናውን የጨረሰ ሰው ምን ይደረጋል?»

«ይፈታል።»

«እኮ ፍታው!»

ወይ ጣጣ! በምን ልፍታው? መስቀል የለኝ፣ ያለኝ ፊሽካ ነው።  ከዚያ ኳሷን አስመጥቼ የፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ ላይ አስቀመጥኳት። ከጓደኞቹ ጋር ይጨፍር የነበረውን የስማዳ በረኛ በእጄ ጠራሁት። ነገሩ ሲገባው ያወለቀውን ጓንት መልሶ አጠለቀ፤ እግዜር ይስጠው። ወደ ቤቱ መሄድ የጀመረው ሰው ሁሉ ቆመ። ልጁ ሹራቡን አውልቆ ጣለ። ፊሽካዬን ነፋሁ።

በረኛው ወደ ቀኝ ተወረወረ፣ ኳሷ በግራ ዝቅ ብላ ቋሚውን ታክካ ገባች። ሕዝቡ፣ ስማዳዎቹ ሳይቀሩ፣ ጮኸ። ልጁ ግን አልጨፈረም። ራሱ ሄዶ ኳሷን አነሳና አምጥቶ ሰጠኝ።

«ቲቸር፣ ይቺ አትቆጠርም አይደል?»

በሕይወቴ መዋሸት እንደዚያ አምሮኝ አያውቅም።

«አትቆጠርም» አልኩት።