ከጨርቁ ሥር ያሉ ጣቶች

ስልኩ ሲፈልግ ይበራል፤ ሳይፈልግ ይተኛል። ባትሪው አብጦ ክዳኑ አልገጥም ስላለ ጎረቤቴ በላስቲክ አስራዋለች። ጅጅጋ ውስጥ ያሳየነው ጠጋኝ ሁሉ ያለን አንድ ነው፦ «ዛሬ ከበራ ዛሬ ተጠቀሙበት።»

ውስጡ የሟች ባሏ ድምፅ አለ። ዕድሜውን በከብት ገበያ የፈጀ የግመል ደላላ ነበር። ታሞ አልጋ ላይ በዋለባቸው ወራት፣ እሷ ወጣ ስትል በሶማሊኛ ግጥም እየገጠመላት ስልኳ ላይ ቀድቶ ይጠብቃት ነበር። ለእሷ ጆሮ ብቻ የተባለ ነው፤ ልጆቿም አልሰሙትም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስታዳምጥ፣ ግድግዳችን አንድ ነውና፣ እኔ የምሰማው ዝምታዋን ነው።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት የእኩዮቼ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። በማታ ክፍል ፊደል ቆጥሬ፣ ኋላም ኮምፒውተር ተምሬ ቢሮ ተቀጠርኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ሌላው የሚዘለውን ሳያነብ አያልፍም። ስለዚህ ድምፁ የት ይቀመጥ የሚለው ጣጣ እኔ ላይ ወደቀ። ሚሞሪ ካርድ ላይ እንዳንገለብጠው፣ የልጇን ሠርግ ፎቶ የያዘው ካርድ ባጃጅ ውስጥ ቀርቶባት እስከ ዛሬ ማን እንዳየው ታስባለች።

«ኤዶ፣ ደመና ላይ እናስቀምጠው» አልኳት። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። አንቱ ካልኳት «ባዕድ አደረግሽኝ» ትላለች።

«ደመና? የጅጅጋ ደመና መቼ ታምኖ! እኛን አስጎምጅቶ ሐርተሼክ ላይ ይዘንባል።»

«ሩቅ አገር ያለ መጋዘን ማለት ነው። ድምፁ ከስልክሽ ሳይወጣ በአንድ አፕ ይቆለፋል፤ ቁልፉ አንቺ ጋ ይቀራል።»

«መጋዘነኛው አይከፍተውም?»

«አልችልም ይላል።»

«ይላል?» ብላ ሳቀች። «ልጄ፣ ግመል የሚሸጥስ ‹አይራገጥም› አይደል የሚለው?»

እኔም ያነበብኩት የአፑን ማስታወቂያ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የለኝም። ቢሮ ተቀምጬ ልቤ ላስቲኩ ላይ ነው። ስልኩ ዛሬ ይሞት ይሆን? ባጃጅ ውስጥ እያሰብኩ ቤቴን አልፌ እሄዳለሁ።

በዚሁ መሀል የአፑ ሠሪዎች ኮዱን፣ ማለትም አፑ የሚሠራበትን ትእዛዝ ሁሉ፣ ማንም እንዲያነበው ለቀቁት። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ አነበብኩ። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። አብዛኛው ከአቅሜ በላይ ነበር፤ አልዋሽም። ግን የማላውቃቸው ሰዎች ስህተት እያወጡ ከሥሩ ሲጽፉ፣ ሠሪዎቹም ሲያርሙ አየሁ። አንዱ ቁልፉ ለአፍታ ሳይሸፈን የሚቀርበትን ቦታ አግኝቶ አሳፍሯቸዋል። ማስታወቂያው ያላሳመነኝን ይህ እርማት አሳመነኝ።

ስሮጥ መጣሁ። «ኤዶ፣ አቆላለፉን ለዓለም ሁሉ አሳዩት!»

ስልኩን መንጭቃ ጉያዋ ከተተችው። «ሌባው ሁሉ አቆላለፉን ካወቀማ ምን ቀረ? ደስ ብሎሽ ነው ደግሞ የምትነግሪኝ!»

ባስረዳት፣ ባስረዳት፣ ፊቷ ይብስ ተዘጋ። ዓይኔን የማሳርፍበት ሳጣ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን የባሏን የትከሻ ጨርቅ አየሁ። በገበያችን ደላሎች ዋጋ በአፍ አይጠሩም። እጅ ለእጅ ተያይዘው ጨርቅ ይጥሉበታል፤ ከሥሩ ጣት በመጨበጥ ይከራከራሉ። ዙሪያውን የቆመው ሰው የሚያየው ጨርቁ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።

«ኤዶ፣ የትኛው ጣት ስንት እንደሆነ ገበያው ውስጥ የማያውቅ አለ?»

«ማን! ሻይ የምታፈላዋም ታውቃለች።»

«ከጨርቁ ሥር የተባለውን ዋጋስ?»

ጨርቁን ቀና ብላ አየችው። «ሁለቱ እጆች» አለች ቀስ ብላ። ቆይታ ደግሞ ሳቀች። «አንድ ደላላ ‹የራሴ የጣት ቋንቋ አለኝ፤ ማንም አያውቀውም› እያለ መጣ። ባሌ ምን አለው መሰለሽ? ‹ወንድሜ፣ የምትደብቀው ከገበያው ነው ወይስ ከእኔ?› ከብቱን ማንም አልሰጠውም።»

ስልኩን ከጉያዋ አወጣች።

«ቁልፉ የይለፍ ቃልሽ ነው፤ ከረሳሽው ሠሪዎቹም አይከፍቱልሽም» አልኳት ደጋግሜ።

«ገባኝ። ፊትሽን አዙሪ።»

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ስልኩ ጋለ፤ መሀል ላይ ጠፋ። እንደገና በራ። የመጨረሻው ግጥም እንደ ምንም ደመናው ላይ ተጫነ። ለዚሁ ብላ በገዛችው አዲስ ስልክ አፑን ከፍቼ ሰጠኋት፤ እኔ እንደገና ግድግዳዬን አየሁ። የወንድ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

«ውጪ» አለችኝ።

አሮጌው ስልክ ከዚያ በኋላ አልበራም። እኔ ግን ዛሬም አልተረጋጋሁም። «ቃሉን ለአንድ ሰው ንገሪ፤ ብትታመሚስ?» አልኳት።

«ማንም አይከፍተውም አላልሽኝም?»

«አዎ፣ ግን—»

«አንቺም ማንም ውስጥ አለሽ፣ ልጄ።»

ያሳመንኳት እኔው ነኝ። ከግድግዳው ወዲያ ስትስል በሰማሁ ቁጥር የማነበው መስመር ይጠፋኛል። እሷን ግን አይጨንቃትም። «ስሄድ ይዤው እሄዳለሁ» ትላለች።