አፈ ጉባኤዋና መርፌው

ሰፈርተኛው «አፈ ጉባኤ» ይላቸዋል። ስብሰባ ተጠርቶ ሰብሳቢው «አስተያየት ያለው?» ብሎ አፉን ሳይገጥም፣ እሳቸው ሻሻቸውን እያጠበቁ ቆመዋል። አጀንዳው የመንገድ ጥገናም ይሁን የምርጥ ዘር ዕደላ፣ ዞረው ዞረው ጤና ጣቢያ ላይ ይደርሳሉ።

«ምርጥ ዘሩ መልካም ነው፤ እግዜር ይስጥልን» ይላሉ። «ግን ዘሪው ቢታመም የት ይሂድ? እሱን ንገሩን!»

ያን ሁሉ ዓመት የጮኹት ወሬ ወደው ብቻ አልነበረም፤ እርግጥ ወሬም ይወዳሉ። ታናሽ እህታቸው ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ከተማ ስትወሰድ፣ ሐኪም ፊት ሳትደርስ መንገድ ላይ አረፈች። ስለ እሷ በስብሰባ አንስተው አያውቁም። ሰዉ ግን ያውቃል፤ ስለዚህ ንግግራቸው ሲረዝም ያዛጋል እንጂ «ይብቃዎት» አይልም።

መንግሥት በየገጠሩ ጤና ጣቢያ መሥራት ሲጀምር ተራው ለዚህ መንደርም ደረሰ። አንዳንዱ «ጩኸታችን ተሰማ» አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ «ባለሥልጣኖቹ ጆሯቸውን ሊያሳርፉ ነው» አለ። ብቻ ባለ ሁለት ክፍሉ ቤት ቆርቆሮው እያብረቀረቀ ቆመ፤ አንድ ወጣት ነርስም ከከተማ ተመደበለት። መደርደሪያውን የሠሩት የአፈ ጉባኤዋ ባል ናቸው፤ ዝምተኛ አናጢ። በዚያ ቤት የሚነገረው ቃል ሁሉ ለአንድ ሰው ስለተሰጠ፣ ለእሳቸው የተረፈ የለም ይባላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነርሱ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ዝንብ ሲያባርር ዋለ። ሰው ፈራ። አፈ ጉባኤዋ ይህን ሲያዩ ደማቸው ፈላ። «ለምኜ ያመጣሁትን!» ብለው በየቤቱ ዞሩ። ነፍሰ ጡሯን ከምድጃዋ፣ ሕፃን ያዘለችውን ከውሃ ጉድጓዱ፣ ሽማግሌውን አንጥረኛ ከወናፋቸው ሥር ነቅለው አመጡ። አንጥረኛው ሳል ከጸናባቸው ቆይቷል፤ መርፌ ሲባሉ ግን በሩን በዓይናቸው መፈለግ ጀመሩ።

«ምን ያርበተብትሃል? የትንኝ ንክሻ ናት!» አሏቸው አፈ ጉባኤዋ።

ታዲያ ማንም ልብ ያላለው ነገር ነበር። መድኃኒቱ ከብልቃጡ ሲቀዳ አፈ ጉባኤዋ እዚያ ክፍል ውስጥ ተገኝተው አያውቁም። «ማነው ውጭ ተራ የሚያፈርሰው?» ብለው ይወጣሉ። ተራ የሚያፈርስ አልነበረም። ምስጢሩን የሚያውቁት ባላቸው ብቻ ናቸው። ልጆች ሳሉ «ከታቢዎች መጡ» ሲባል ልጅቷ ጎተራ ውስጥ ተደብቃ ዋለች፤ በቀዳዳ ውሃ ያቀበላት የጎረቤቱ ልጅ የዛሬው አናጢ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያው አጥር ሲጠገን፣ አፈ ጉባኤዋ «እዚያ ጋ ጠበቅ አድርጉት!» እያሉ ወደ ኋላቸው ሲያፈገፍጉ፣ ዝገት የበላው ሚስማር ጫማቸውን በስቶ እግራቸው ውስጥ ገባ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዋጡ። እያነከሱ ቤታቸው ገቡ።

«ምን ሆንሽ?» አሉ አናጢው።

«ጫማው ጠቦኝ ነው።»

«ጫማሽ እየደማ ነው።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ምንም አልሆንኩም!»

«ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«ለዚህች ጭረት? ሥራ የበዛበትን ልጅ ለምን አደክመዋለሁ?»

አናጢው መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ። ነርሱን ከነቦርሳው ይዘው ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ነው። ጓሮ ዞሩ፤ የሉም። በረት ገቡ። ላሟ ታመሰኳለች፤ ከጭዱ ክምር ሥር አንድ እግር ወጥቷል።

«እትዬ፣ እግርዎ ይታያል» አለ ነርሱ።

ከጭዱ ውስጥ ድምፅ ወጣ። «የትኛው?»

«የቆሰለው።»

«እንግዲያው እሱን እዚያው እከመው፤ እኔን ተወኝ!»

ነርሱ አልሳቀም፤ ከንፈሩን ነክሶ የማለቢያዋ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «ነገ ና ቢሉኝ እመጣለሁ። መንጋጋ ቆልፍ ግን ቀጠሮ አያከብርም፣ እትዬ።»

ጭዱ ተንቀሳቀሰና አፈ ጉባኤዋ ሻሻቸው ተንሸራቶ፣ ገለባ በቅንድባቸው ላይ ይዘው ብቅ አሉ። በዚያችው ሰዓት የበረቱ በር ላይ የአንጥረኛው ጥላ ታየ። ወሬ ክንፍ አለው።

«በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው!» አሉ አንጥረኛው። «የትንኝ ንክሻ ናት አላልሽኝም?»

«አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ተራ ላስከብር!»

አናጢው እጃቸውን ዘረጉ። አፈ ጉባኤዋ እንደ ጉጠት ጨምድደው ያዙት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው መናገር ጀመሩ። ስለ አጥሩ ተናገሩ፤ ስለ መንገዱ ተናገሩ፤ ባለሥልጣኖቹን ሁሉ በየተራ ወቀሱ።

«ጨርሻለሁ» አለ ነርሱ።

«ምኑን?»

«መርፌውን።»

«ውሸትህን ነው!» አሉና ክንዳቸውን ዳበሱ። ጥጡን ነኩት። ከዚያ ሳይታሰብ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ያቺን እህቴን ... መንገድ ላይ ...» አሉ፤ መጨረስ አቃታቸው። «እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር ኖሮ ...»

አንጥረኛው ቀልዳቸውን ዋጡ። አናጢው እጃቸው ቢደነዝዝም አላስለቀቁም። ነርሱም ቁስሉን አጥቦ አሰረ። ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከአንድ ወር በኋላ ሁለተኛው አለ» አለ።

«ምን አልክ አንተ?»

ቁስሉ ሻረ። ለሁለተኛው መርፌ ግን የጠራቸው አልነበረም፤ በራሳቸው እግር ሄደው፣ ወረፋ ይዘው፣ እንደ ማንም ሰው ተቀመጡ። ስብከታቸውም ተለወጠ። ዛሬ የፈራ ሰው ሲያዩ ስለ ትንኝ አያወሩም። «ያማል። እኔም ጭድ ውስጥ ገብቼ ነበር። ና፣ እጄን ያዝ» ይላሉ፤ መድኃኒቱ ሲቀዳም ከክፍሉ አይወጡም። ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ እንጂ።

ለመውለድ የመጡት ሴቶች ሳይቀሩ «እሳቸው ይግቡልኝ» ማለት ጀመሩ። አንዷ በምጥ ሰዓት እጃቸውን ጨምቃ ጨምቃ ጣታቸውን አሳበጠችው፤ ሴት ልጅም በሰላም ወለደች። በማግስቱ ነርሱ ጣታቸውን አገላብጦ አይቶ «ቅባት ልስጥዎት፣ ወይስ ቶሎ የሚያሽለውን መርፌ?» አላቸው።

ቅባቱን ከእጁ ነጥቀው ወጡ።