የይግባኙ ዕለት እምቢ ያለኝ ኪቦርድ

ይህ ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እስከ ዛሬ ግን ኮምፒውተር በከፈትኩ ቁጥር ልቤ ይመታል።

ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ። የጌጃ ሰፈሯ እማማ አስካለ በመኖሪያ ቤታቸው ጉዳይ ተከራክረው ተረቱና ይግባኛቸውን እኔ ዘንድ አስጻፉ። ማታ ጨርሼ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ አስቀመጥኩት። ሰነፍ ነኝ፣ ሌላ ቦታ አልገለበጥኩትም። የሚቀረኝ በማግስቱ ማተም ነበር። የይግባኝ ጊዜያቸው የሚያበቃውም በዚያው ቀን ነው፤ ካለፈ ቤቱን ለቀው መውጣታቸው ነው።

ዕለቱ ልደታ ነበር። ወር በገባ በአንድ ሱቄን ጸበል እረጫለሁ። እማማ በሩ ላይ ቆመው አዩኝና ወደ ኮምፒውተሩ እየጠቆሙ «ልጄ፣ የኔ ጉዳይ ያለው እሱ ውስጥ አይደል? እሱም ላይ ጣል አድርጊበት» አሉኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ። ጠረጴዛው ላይ በእፍኜ ረጨሁ።

ኮምፒውተሩን ስከፍተው የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ብጽፍ ምንም የለም። የኪቦርዱ መብራት እንኳ አይበራም። አጥፍቼ አበራሁት፣ ገመዱን ነቅዬ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት፤ ያው ነው። የሴትየዋን ቤት በላሁት አልኩ በሆዴ።

«ምነው ዘገየ?» አሉ እማማ።

«እየተነሳ ነው» ብዬ ዋሸሁ።

ጎረቤቴን ሰይድን ጠራሁት፤ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ኪቦርዱን አንስቶ ሲዘቀዝቀው ውሃ ጠብ ጠብ አለ። እኔን አየ፣ የጸበሉን ጠርሙስ አየ። አንድ ቃል ከተናገረ እማማ በገዛ አፋቸው ጉዳያቸውን እንዳበላሹ ሊያውቁ ነው፤ ደም ግፊትም አለባቸው። ሰይድ ዝም ብሎ ወጣ። ደንበኞቹን አቁሞ የራሱን ኪቦርድ ነቅሎ አመጣልኝና «አጥፊና እንደገና ክፈቺው» አለኝ።

እስኪነሳ ትንፋሼ ቆሞ ነበር። የይለፍ ቃሉን ስጽፍ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ተደረደሩ። እንባዬ መጣ። ይግባኙን አትሜ ለእማማ ሰጠኋቸውና ወደ ፍርድ ቤቱ ሄዱ።

እማማ ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ይዘው ተመለሱ። «አላልኩሽም? ጸበሉ እኮ ነው ያወጣን» አሉ። ሰይድ በሩ ላይ ነበር።

«አሚን እማማ፣ አሚን» አላቸው።

ፍርሃቱ አሁንም አልለቀቀኝም፤ የተየብኩትን ሁሉ ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። ወር ሲገባ ጸበል መርጨቴንም አልተውኩም። አስቀድሜ ግን ኪቦርዴን ነቅዬ ሰይድ ዘንድ አስቀምጣለሁ። ለምን እንደምወስድለት አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።