ስሙ ያልተጠራው ልብስ ሰፊ

«ነግሬሽ ነበረ ለብቻሽ በጆሮ…» ከዚህ በኋላ ያለው ስንኝ ጠፍቶባት፣ ዜማውን ብቻ እያንጎራጎረች ከቤት ቤት ትዞራለች። ሰፈሩ «ቆጣሪዋ» ይላታል። ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ታብሌት አንግታ፣ ስንት ሆናችሁ ትኖራላችሁ፣ ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ ማን ያነባል ማን ይጽፋል እያለች ስትጠይቅ ኖራለች። ድምጿ ለስላሳ ስለሆነ ሰው በሩን ብቻ ሳይሆን ሆዱንም ይከፍትላታል።

የማዕዘኑ ልብስ ሰፊም ከፈተላት። ጠዋት ጠዋት ሱቁ ደጃፍ ላይ መነጽሩን ሰክቶ ጋዜጣ ሲገልጥ፣ አላፊው ሁሉ «ጋሼ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» ይለዋል። እሱም ረጋ ብሎ «ያው ነው» ይላል። እሷ ማንበብ ይችል እንደሆነ ስትጠይቀው ግን የስፌት መኪናውን አቆመና በሩን ገርበብ አደረገ።

«ፊደል አልቆጠርኩም፣ ልጄ። ጋዜጣው ለጌጥ ነው።»

«የነገሩኝ ከመሥሪያ ቤታችን አይወጣም፣ ጋሼ» አለችው። ከልቧ ነበር።

እሁድ ግን እዚያው ሰፈር እህቷ ቤት ምሳ ቀርቦ ጨዋታው ሲደምቅ ከአፏ አመለጣት። ስም አልጠራችም። ስም ካልጠሩ ምስጢር አይወጣም ብላ ታምን ነበር፣ እንደ ሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ።

«አንድ ሰውዬ አሉላችሁ፣ ማንበብ ሳይችሉ በየጠዋቱ ደጃፋቸው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው…»

ሳትጨርስ የእህቷ ባል ጠረጴዛውን መታ። «የኛ ልብስ ሰፊ! ኧረ ጉድ! እኔ ሞኙ የዓለምን ወሬ ከሳቸው ስጠይቅ ልኑር!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷ እጇን ከትሪው ሰበሰበች።

በማግስቱ የእህቷ ባል ሱሪ ለማሳጠር ሄዶ፣ ሰው ፊት «ጋሼ፣ እስቲ ዛሬ ጮክ ብለው ያንብቡልን» አለ። ከዚያ ወዲያ ደጃፉ ላይ ወንበር አልወጣም።

ቆጣሪዋ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረች። እህል አስጠላት፤ ዜማውም ከአፏ ጠፋ። በመጨረሻ በምሳ ሰዓት እግሯን እየጎተተች ሄዳ ደፉ ላይ ቆመች።

«ስምዎን አልጠራሁም፣ ጋሼ።»

«ምን ያደርግልሻል? ሰፈሩ ውስጥ ጋዜጣ የሚዘረጋ ስንት ልብስ ሰፊ አለ?» ከስፌቱ ቀና አላለም። «ለመሥሪያ ቤትሽ ብዬ መሰለሽ? ለነሱማ እዋሽ ነበር። አንቺ ስለሆንሽ ነው።»

ፊቷ ነደደ። «አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ክሩን በጥርሱ በጠሰና «ምሳ በልተሻል?» አለ።

«አልራበኝም።»

«ውሸቱን ለኔ ተዪልኝ፤ የኖርኩበት ነው።»

ጋዜጣውን ከመደርደሪያው አውርዶ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አነጠፈው። ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ፣ የተቀቀለውን ድንች አስቀመጠበት። «ከእንግዲህ ሥራው ይኼ ነው» አለ።

ቁጭ አለች። እሱን ማየት ስላልቻለች አቀረቀረች። ከዳቦው ዙሪያ ፊደሎቹ አንድም ሳይቀር ለእሷ ይነበባሉ። ቶሎ ብላ በፍርፋሪ ሸፈነቻቸውና መብላት ጀመረች።