ሃያ አራት ላይ የተጣበቀው ስኮፕ

በኬንያዋ ሞያሌ ሙከሚል ያልጠገነው መነጽር ቢኖር ገና ያልተሰበረው ብቻ ነው። የዓይን መነጽር ይሁን ባይኖክላር፣ እሱ ጋ ሽባ ሆኖ ገብቶ እየሮጠ ይወጣል። «ሙከሚል ያጣበቀውን መልአከ ሞት እንኳ አያላቅቀውም» ይላሉ ፉንዲ፣ ማለትም ጠጋኝ፣ እያሉ የሚጠሩት ገበያተኞቹ። እሱም ሰምቶ አያስተባብልም።

ከታናሽ ወንድሙ ከጃቢር ጋር በስደት ከገባ ሃያ ዓመት አለፈው። የሁለቱ ሀብት ዐሥራ አንድ ግመል ነው። ጃቢር ቦሪ፣ የግመል እረኛ፣ ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ ጃቢርንና የመንደሩን ከብት ደግሞ መንግሥት ጠመንጃ የሰጠው ሚሊሻ፣ ሽማግሌው ቦሩ ይጠብቃል። በዚያ ወር የግመል ሌቦች ሁለት እረኛ ገድለው ስለነበር፣ ቦሩ ከመንደሩ ሹም፣ ከቺፉ፣ የፈቃድ ወረቀት ይዞ ለጠመንጃው ስኮፕ፣ የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ሊመርጥ ወደ ሙከሚል መጣ።

ሙከሚል አንድ አጭርና አንድ ረጅም አወጣ።

«ኦቦ ቦሩ፣ አጭሩ ለቁጥቋጦ ነው። በአርባ እርምጃ ሰውየውን ከነአካባቢው ያሳይዎታል። ረጅሙ ለሜዳ ነው፤ ለሦስት መቶ፣ ለአራት መቶ ሜትር። ከስድስት እስከ ሃያ አራት እጥፍ ያጎላል።»

«አጭሩ ስንት ያጎላል?»

«ከአንድ እስከ አራት።»

«አራት! የአማቴ ዓይን እንኳ አምስት ያጎላል፤ ያውም ሞራ ለብሶ!»

የሱቁ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ።

በቦሪ ሰዎች ዘንድ የመነጽር ፈተናው አንድ ነው፤ ማዶ ያለ ግመል ታፋ ላይ የታተመውን የጎሳ ምልክት ማንበብ። ምልክቱ የግመሉን ባለቤት ይናገራል፤ የሚነዳው ሌላ ከሆነ ሌባ ነው። ቦሩ ረጅሙን ይዞ ወጣና ማዶ ጉብታ ላይ ወደቆመ ግመል አነጣጠረ።

«ምልክቱን አነበብኩት! ታፋው ላይ ያለችው ዝንብ እግሯን ስትታጠብም አየኋት!»

«ቢሆንም ለቅርብ ሲሆን ይቺን የማጉሊያ ቀለበት ወደ ስድስት ያውርዷት። በሃያ አራት የቅርብ ነገር ይደበዝዛል።»

«እኔ ቀለበት ሳዞር ሌባው ናይሮቢ ገብቶ ሥጋውን ሸጦ ይጨርሳል። ፉንዲ፣ ሃያ አራት ላይ አጣብቅልኝ።»

ሙከሚል ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ግን ሰው እያየው ነው፤ ሽማግሌም ደጋግሞ እምቢ አይባልም። ደግሞስ ሌቦቹ ከሩቅ ከታዩ መች ጃቢር ጋ ይደርሳሉ? እንዲህ ብሎ ራሱን አሳመነና ሙጫውን አመጣ።

በዘጠነኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ፣ ጃቢር ጫካ ገብታ የወለደች ግመል ሊያመጣ ወጣ። ሲነጋጋ ሲመለስ፣ ቦሩ የቅርንጫፍ ኮሽታ ሰማ። ተጣራ፤ ጃቢር ግልገሉን ታቅፎ፣ እናቲቱ እያገሳች ስትከተለው አልሰማም። ቦሩ በስኮፑ አየ። አንድ ጊዜ ተኮሰ። መኪና እስኪፈለግ ጃቢር አልቆየም።

በሦስተኛው ቀን ቦሩ ከሽማግሌዎች ጋር ለቅሶ ቤት መጣ። በሦስት ቀን ሠላሳ ዓመት የጨመረ ይመስላል። ስኮፑን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ።

«አርባ እርምጃ አይሞላም ነበር» አለ። «ቡናማ ነገር ብቻ ነው ያየሁት።»

ቡናማው የጃቢር ጋቢ ነበር። ሙከሚል ነበር ባለፈው ረመዳን የገዛለት።

«ዕቃው ጉድለት ነበረበት?» ብለው ጠየቁ ትልቁ ሽማግሌ።

«የለበትም» አለ ቦሩ አንገቱን ደፍቶ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ስለ ሙጫው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሙከሚልም ዝም ቢል ነገሩ ተዳፍኖ ይቀር ነበር። ስኮፑን አነሳና ቀለበቱን በሁለት ጣቱ ያዘ። ወደ ስድስት ሊያዞረው ሞከረ። በጥርሱም ነክሶ ሞከረ። ሽማግሌዎቹ ሐዘን ያሳበደው መስሏቸው እጁን ሊይዙት ተነሱ።

«ተዉኝ» አላቸው። «ያጣበቅሁት እኔ ነኝ።»

ቀለበቱ አልተነቃነቀም። ገበያተኞቹ እውነታቸውን ነበር።